የንዳድ መድኃኒት

«ማን ይሙት፣ ጉልበቴን ስማ ነው የተቀበለችኝ» አለ ፎርማን ቢሻው፤ ብሎም ሳቀ።

አየሁሽ ይህን የሰማችው ከወጥ ቤቱ የማሽላ አገዳ ግድግዳ በስተጀርባ ሆና፣ የወይካ ዱቄት ዘግና ወደ ድስቱ ልትበትን ስትል ነው። ወይካ ደርቆ የተፈጨ ባምያ ነው፤ በዚህ ቆላ የቀን ሠራተኛው ወጥ ያለ እሱ አይወፍርም። እጇ ከድስቱ በላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ግድግዳው አገዳ ነውና ዓይንን ይከለክል እንደሆነ እንጂ ጆሮን አይከለክልም። ከቢሻው ጋር የሚያወራው ከጋላባት ማዶ ወይካና ስኳር የሚያመጣው ነጋዴ ዓሊ ነበር። ሁለቱ ስኳር እንደተወደደ፣ ኬላው እንደጠበቀ፣ የዘንድሮው ሙቀት ከአምናው እንደባሰ ሲጨዋወቱ ቆይተው ነው ወሬው እሷ ላይ የወደቀው። ቢሻው አስውቦ ነበር የሚተርከው። ወንድሟ ሸጋው ከበለሳ በመጣ ሰሞን ንዳድ ሊገድልብኝ ነው ብላ ስትርበተበት፣ የወባ ክኒን ይስጡኝ ብላ ደጁን ስትጠና፣ እሱ ደግሞ ባንጎ የሚባለውን የሚያሰክር ቅጠል በጨርቅ ቋጥሮ «ይህ ከክኒን ይበልጣል፤ በሻይ እያፈላሽ አጠጪው» ሲላት፣ እሷም እግዜር ይስጥልኝ ብላ ጉልበቱን ስትስም። ዓሊ ወላሂ ይህስ ግፍ ነው እንደማለት አጉረመረመ፤ ግን እሱም ሳቀ።

«ደገኛን ንዳድ ካልኸው እሳት ቢሆን ይውጥልሃል» አለ ቢሻው። «የሁሉም ነገር እንደዚሁ ነው። መድኃኒት ነው ብዬ ሰጠኋቸው፤ ፀሐዩን ረሱ፣ ወገባቸውን ረሱ፣ ዳቦም አነሰ አላሉ። ጣቢያችን አንደኛ የወጣው በምን መሰለህ?»

«ያ የታሰረውስ?»

«ዛሬ ከአውራጃ የሚመጡት ይዘውት ይሄዳሉ። የተቃጠለ የሰሊጥ ሂላ ባለቤት ያስፈልገዋል። እኔ ልሁንለት እንዴ?»

ዓሊ እህቱ ብትናገርስ ብሎ ጠየቀው። ቢሻው አሁንም ሳቀ፤ እሷማ ዛሬም መድኃኒት ነው ብላ ነው የምታምነው አለው።

እውነቱን ነበር። አየሁሽ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ታምን ነበር። ሸጋው ለብቻው መሳቅ ሲጀምር፣ ማጭዱን ጥሎ ከጥላው ጋር ሲያወራ፣ ንዳዱ ወደ ጭንቅላቱ ወጣበት ብላ የሻዩን ቅጠል የጨመረችለት እሷ ናት። እየባሰበት ሲሄድ አሁንም የጨመረችለት እሷ ናት። የዘገነችውን ወይካ ወደ ድስቱ በተነችው፤ አማሰለች፤ ጨው ቀመሰች። እንባ ሊመጣ ሲል ሌላ ነገር ቀደመው። የመጣባት ብስጭት አልነበረም፤ ብስጭትማ በቀን ብዙ ጊዜ ይመጣል፣ ይሄዳል። ይህኛው መጥቶ ተቀመጠ። ይህን ሰው ዛሬ ሳላዋርደው ፀሐይ አትጠልቅም አለች በልቧ፤ በዚያች ቅጽበት ከወንድሟም በፊት ያሰበችው እሱን ማዋረድ ነበር።

ያን ጊዜ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ቀይ ጨርቅ ከሰሊጥ መጋዘኑ ደጃፍ ገና አልወረደም። ፀሐይ አንጥታው የበሰበሰ ቲማቲም መስሏል። የመንግሥት እርሻ ጣቢያው ከሽንፋ ወዲህ፣ ለጥ ባለው መረሬ መሀል ነው፤ አንድ ቆርቆሮ መጋዘን፣ ለሁለት ትራክተር የሚሆን ጥላ፣ የፎርማኑ ባለመስኮት ቤት፣ የቀረው ሁሉ የአገዳ ዳስ። ትራክተሮቹ ከሩቅ አገር በብድር የመጡ ናቸው ይባላል፤ አንደኛው ከመጣበት ቀን ጀምሮ አልተነሣም፣ ዶሮ ይፈለፈልበታል። የታጨደው ሰሊጥ እየታሰረ አናቱን ወደ ላይ አድርጎ እስኪደርቅ የሚቆምበትን ክምር የአገሩ ሰው ሂላ ይለዋል። የደረቀ ሂላ ከጭድ ይብሳል፤ ዘይት ነውና እሳት ካየ አይመለስም። ትናንት ከቀትር በኋላ ሸጋው ፎርማኑ የሰጠውን ቅጠል ጠቅልሎ፣ ለኩሶ፣ የሂላ ጥላ ሥር ተጋደመ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን እሱም አያስታውሰውም። ሰዉ በቅጠልና በአፈር ተረባርቦ ሌሎቹን አተረፈ፤ አንዱ ሂላ ግን አመድ ሆነ። ቢሻው ልጁን በገዛ እጁ አስሮ መጋዘን ከተተውና በዚያው ሰዓት ወደ አውራጃ መልእክት ላከ፤ አብዮት አደናቃፊ ይዣለሁ ብሎ።

የመጋዘኑ ጠባቂ ሚሊሺያ፣ አየሁሽ ትኩስ ወጥ በዳቦ ስታቀብለው፣ እንድትገባ ፊቱን አዞረላት። ሸጋው በጆንያዎቹ መሀል፣ እጁ ወደኋላ ታስሮ፣ አገጩን ጉልበቱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል። መጋዘኑ ቆርቆሮ ስለሆነ ያቃጥላል፤ የሰሊጥ ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። ጣሳውን ከንፈሩ ላይ አድርጋ ውኃ አጠጣችው። ጠጥቶ ሲያበቃ ቀና ብሎ አያት፤ ለአፍታ የድሮው ወንድሟ የተመለሰ መሰላት።

«እታለም፣ መድኃኒቴን አመጣሽልኝ?»

አላመጣሁም አለችው። ፊቱን ወደ ጆንያው አዞረ። ሲጠይቁህ ምን ልትል ነው ብላ ትከሻውን ይዛ ነቀነቀችው። በመጨረሻ፣ ልጅ ምስጢር ሲያወጣ እንደሚያደርገው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። ፎርማኑ ማለዳ መጥቶ ለሚጠይቁህ ሁሉ አዎ በል፣ አዎ ካልህ ስትጨርስ እሰጥሃለሁ ብሎታል። ብዙ እንደሚሰጠው ጭምር ነግሮታል።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው አዎ ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ አልነበረም። የአገር ሰሊጥ ሆን ብሎ ያቃጠለ ሰው ወህኒ ቤት እንኳ ረጅም ዕድሜ አይጠብቀውም። አየሁሽ እባክህ፣ በእናታችን አፈር፣ አላውቅም በል ብላ ለመነችው። እሱ ከንፈሩን እየላሰ ግድግዳውን አየ። እህቱ መሆኗን አልረሳም፤ ግን በልቡ ውስጥ ከቅጠሉ ቀጥላ እንደሆነች ገባት። ይህን ያደረገ ሰው ደግሞ አሁን ከዳሱ ማዶ ጺሙን እያስላጨ ነው።

ወደ ወጥ ቤቷ ስትመለስ ብዙ ነገር አሰበች። የሽንኩርት ቢላዋ አየች፤ ቢላዋ ቢሻውን ይገድለው ይሆናል እንጂ ሸጋውን አያስፈታውም። ያንኑ ቅጠል ወጡ ውስጥ ልጨምርበት አለች፤ ቢሻው ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ለምስክር እዚያው ፊት ለፊት ሳያስቀምሳት አይቀምስም፣ ሰው አያምንም። ለእንግዶቹ በግልጽ ልናገር አለች፤ የወጥ ቤት ሴት ቃልና የፎርማን ቃል ሲመዘን ወዴት እንደሚያጋድል ታውቀዋለች። እንዲህ ስትል ዓሊ ጠዋት ያራገፈውን የወይካ ጆንያ አየች። ይህ ጆንያ ሁልጊዜ ከላይ ወይካ ነው፤ ከሥር ሌላ ጆንያ አለው፤ ፎርማኑ እየመጣ ከሥር ያለውን ይወስዳል፣ «የሠራተኛው መድኃኒት ነው፣ እርጥበት እንዳይነካው» እያለ። የሥሩን ጆንያ ስታወጣው በዚያው ቅጠል እስከ አፉ ጥቅጥቅ ያለ ነበር። ሽታው እጇ ላይ ቀረ። ስንት ጊዜ በዚህ እጅ አፍልታ ሰጠችው!

እሷማ ዛሬም መድኃኒት ነው ብላ ነው የምታምነው። ይህን ቃል እንደገና በልቧ ደገመችው፤ ሦስተኛ ስትደግመው ፈገግ አለች። ጆንያውን ከኩበቱ ክምር ሥር ደበቀችው።

እንግዶቹ ለቁርስ ተጠብቀው፣ ምሳ አልፏቸው፣ ወደ አሥር ሰዓት ግድም በአንድ ላንድሮቨርና ወታደር በጫነ አንድ ካሚዮን ደረሱ። የአውራጃው ሰው ጓድ አምባው ይባላሉ፤ ካኪ ልብሳቸው ጀርባው ላይ በላብ ካርታ ሠርቷል። ከመተማ ዮሐንስ ኬላ ደግሞ አሥር አለቃ ዋሴ የሚባል የፊናንስ ዘብ አብሮ መጥቷል፤ ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ ዕድሜውን የሰው ጆንያ እያሸተተ የኖረ ሰው። ሠራተኛው ከሂላው መሀል ተጠርቶ ዳሱ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠ። እንግዶቹ በሉ። አየሁሽ ቀድማ ቀመሰች፤ ቢሻውም ባለሙያ ናት ብሎ አመሰገናት። ሲበላ ጥፍሮቹ ንጹሕ እንደሆኑ አየች፤ ይህም አናደዳት።

ከዚያ ንግግር ሆነ። ጓድ አምባው ስለ አገር ዕዳ ተናገሩ። ትራክተሩም፣ ነዳጁም፣ ጠመንጃውም በብድር እንደሆነ፣ ብድሩ በየዓመቱ እየወለደ እንደሚሄድ፣ አበዳሪ ደግሞ ብር አልቀበልም ብሎ ከሰሊጥ ሽያጭ የሚገኘውን የውጭ ገንዘብ እንደሚጠይቅ፣ ስለዚህ እያንዳንዱ የሰሊጥ ፍሬ የአገር ዕዳ መክፈያ እንደሆነ። ዛሬ የተወለደ ሕፃን ሳይቀር ባለዕዳ ነው አሉ። ሠራተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ አያ ሰጠኝ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው፣ ለመሆኑ ብድሩን ስንበላ የት ነበርን ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ። ጎረቤታቸው አላውቅም፣ እኔ ያን ጊዜ አልተጠራሁም አላቸው። ጣቢያው አንደኛ ስለወጣ ፎርማን ቢሻው ኮከብ ሠራተኛ ተብሎ ተጨበጨበለት፤ ቢሻውም ይህ የእኔ ሳይሆን የሰፊው ሕዝብ ድል ነው አለ፤ ልምዱ አለው።

ፀሐይዋ ወደ ሱዳን ስታዘቀዝቅ ትንኙ ወጣ። በቆላ በዚህ ሰዓት እንግዳ ተቀምጦ ጭስ ካልተደረገለት ባለቤቱ ያፍራል፤ በዳሱ ማዕዘን ማዕዘን ኩበት እየተጨሰ ነው ሰው በሰላም የሚያወራው። ቢሻው ወደ አየሁሽ በጣቱ ጠቆመ፤ ጭሱን አላት። እሺ ብላ ፍም በገል ይዛ ሄደች። በምዕራቡ በኩል፣ ነፋሱ በሚመጣበት፣ ኩበቱን ከፍ አድርጋ ከመረች። ከዚያ ሸጋውን አመጡት።

ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው መሰል እየተደናበረ ቆመ። ጓድ አምባው ይህ የምታዩት ሰው ያቃጠለው ሰሊጥ አይደለም፣ የአገሩን ዕዳ መክፈያ ነው አሉና ወደ እሱ ዞሩ። አንተ ነህ ያቃጠልኸው? አዎ አለ። ሆን ብለህ ነው? ሸጋው ቢሻውን አየ። ቢሻው ራሱን በጥቂቱ ነቀነቀ። አዎ አለ። ሠራተኛው አጉረመረመ፤ አየሁሽ ጆንያውን ከኩበቱ ሥር ሳበችው።

«የላኩህ ፀረ አብዮተኞች አሉ?» አሉ ጓድ አምባው።

የጆንያውን አፍ ፈትታ ሙሉውን ፍሙ ላይ ገለበጠችው። መጀመሪያ ታፈነ፤ ከዚያ ወፍራም ነጭ ጭስ እየተጥመለመለ ተነሣና ነፋሱ ተቀብሎ ወደ ዳሱ ገፋው። ሸጋው አዎ ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። አፉ እንደተከፈተ አፍንጫው ቀና አለ። ጥያቄውን ረሳው፤ ጓድ አምባውን ረሳቸው፤ እንደ ሕፃን ፈነደቀ።

«መድኃኒቱ መጣ» አለ።

የሠራተኛው ራስ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ጭሱ ዞረ። እጅ ያወጡት አያ ሰጠኝ ናቸው። እሳቸው እንግዳ ፊት ምስጋና መናገር ይወዳሉ፤ ተነሥተው ኩታቸውን አመሳቀሉ። «ጓድ፣ ይፍቀዱልኝና» አሉ፤ «ፎርማናችን እኛን ብቻ ሳይሆን እናንተንም ለንዳድ አሰቡላችሁ። ይህን መድኃኒት ጧትም ማታም ይሰጡናል። አንዳንዱ ልጅ አናቱ ላይ ይወጣበታል እንጂ እጅ ግን ያፈጥናል። እግዜር ይስጣቸው።»

ቢሻው ተቀመጡ አላቸው። ሌላው ከኋላ እውነት ነው አለ፤ ሌላው ደግሞ ለእኛ ክፍል ዛሬ ገና አልደረሰንም ብሎ አቤቱታ አሰማ። በዳሱ ውስጥ ጓድ አምባው እያሳላቸው አሁንም ስለ ዕዳው ጀመሩ፤ ዕዳው፣ ዕዳው አሉና፣ ከጭሱ ይሁን ከራሳቸው እንጃ፣ ሳቅ አመለጣቸው። አሥር አለቃ ዋሴ ግን አልሳቀም። ተነሥቶ ወደ እሳቱ ሄደ፤ ከፍሙ ዳር ያልነደደ ዛላ አነሣና በሁለት ጣቱ አሽቶ አሸተተው። ሥራው ነው።

«ይህን ማን ነው የሰጠሽ?» አላት።

አየሁሽ ዓይኗን መሬት ላይ አደረገች። ቀኑን ሙሉ ስታጠናው የዋለችውን ፊት አወጣች፤ የዋህ፣ ሞኝ፣ ከደጋ የመጣች ሴት ፊት። ድምፅዋን ግን ሁሉም እንዲሰማ አደረገችው።

«ጌታዬ፣ የንዳድ መድኃኒት ነው። ፎርማናችን ከወይካው ጋር ከማዶ የሚያስመጡልን ነው። ለወንድሜም በሻይ አፍልተሽ አጠጪው ብለው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እንግዶቻችንን ንዳድ እንዳይነካብን ብዬ ነው ያጨስሁት። አጠፋሁ?»

ዋሴ ወደ ጓድ አምባው አየ። ጓድ አምባው ፈጥነው ሳቃቸውን ዋጡና ነገሩን በውስጥ ብናየው ምናለ አሉት በቀስታ። ኮከብ ብለው ያጨበጨቡለት ሰው ነው፤ አንደኛ የወጣ ጣቢያ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ሰሊጥ ነው። ዋሴ ግን ስንቱ ሰው ሰማ እኮ ጓድ አላቸው። አዎ፣ ስንቱ ሰው ሰምቷል። ጓድ አምባው መሬት ላይ የተቀመጠውን ሕዝብ አዩ፣ ወታደሮቹን አዩ፣ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ከዚያ ቅድም በሸጋው ላይ ያደረጉትን ንግግር ከመጀመሪያው ጀምረው በቢሻው ላይ አደረጉት፤ የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው። የሰፊውን ሕዝብ ጭንቅላት ያቃጠለ፣ ሂላውንም ያቃጠለው እሱ ነው ተባለ። ሠራተኛው ይጨብጨብ አይጨብጨብ ግራ ገባው፤ አያ ሰጠኝ ምስጋናቸው ምን እንዳበላሸ አልገባቸውም፤ ቆመው ኩታቸውን ያስተካክሉ ነበር።

ለቢሻው ሌላ ገመድ አልተፈለገም፤ የሸጋውን ፈትተው አሰሩት። ወደ ካሚዮኑ ሲወስዱት በአየሁሽ አጠገብ አሳለፉት። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ንጹሕ ጥፍሮቹ ከገመዱ ሥር ታይተዋል።

«ገደልሽኝ» አላት ዝቅ ብሎ።

«ምን አድርጌ ጌታዬ?» አለችው። «ጉልበትዎን ስሜ የተቀበልሁትን ነው የመለስሁልዎ።»

ይህን ስትለው ደስ አላት። አይደበቅም፣ እስከ ጥፍሯ ድረስ ደስ አላት፤ ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር የተነሣላት መሰላት። ሸጋው ስንፈልገው እንጠራዋለን፣ ለጊዜው ከእህቱ ጋር ይቆይ ተባለ። ማንም ልብ ብሎ አላየውም፤ ጓድ አምባው የቀረው ሂላ መቼ ተራግፎ እንደሚያልቅ የቢሻውን ምክትል ይጠይቁ ነበር። ልጁ ታስሮ የነበረ እጁን እያሻሸ ወደ እሷ መጣ። አየሁሽ ክንዶቿን ዘረጋች።

በአጠገቧ አለፈ። ሮጠ። የካሚዮኑን የኋላ መዝጊያ በሁለት እጁ ያዘ።

«ፎርማን» አለ፣ እንባው እየወረደ። «እኔንስ ለማን ትተውኝ ነው የሚሄዱት? አዎ ብያለሁ እኮ። እንዳዘዙኝ አዎ ብያለሁ።»

ቢሻው ከወታደሮቹ መሀል ቁልቁል አየው። ከዚያ ከልጁ ራስ በላይ አሻግሮ አየሁሽን አያት፤ አመድ የመሰለው ፊቱ ቀስ ብሎ ተፈታ፤ ጠዋት ከአገዳው ጀርባ ስትሰማው የነበረውን ሳቅ ያለ ድምፅ ሳቀው። ካሚዮኑ ተነሣ። ሸጋው መዝጊያውን አልለቅም ብሎ ተጎተተ፣ ተነሣ፣ በአቧራው ውስጥ ሮጠ፣ ወደቀ፣ ደግሞ ሮጠ። ስትደርስበት ጉልበቱ ደምቶ መንገዱ መሀል ተንበርክኮ ነበር። ብትይዘው ይወራጫል፤ ጉልበቱ ከእሷ ይበልጣል። መቀነቷን ፈታች። አንዱን ጫፍ በእሱ አንጓ፣ ሌላውን ጫፍ በእሷ አንጓ አስራ ቋጠረችው።

ካሚዮኑ ከዓይን ሲሰወር ሸጋው መወራጨቱን ተወ። ከወደ ዳሱ የጭሱ ሽታ አሁንም በነፋስ ይመጣል። ዞሮ ጭሱን አየ፤ ከዚያ እሷን።

«እታለም፣ ሁሉንም ነው ያቃጠልሽው?»

«ሁሉንም።»

«ለእኔ ትንሽ እንኳ ሳታስቀሪ?»

«አላስቀረሁም» አለችው።

ሸጋው ቀኑን ሙሉ እሷ ቢሻውን ስታይበት በዋለችው ዓይን አያት። አየሁሽ ያን ዓይን አወቀችው፤ ከጠዋት ጀምሮ የራሷ ነበርና። የመቀነቱን ቋጠሮ አንድ ጊዜ ደግማ አጠበቀችና ወደ ሽንፋ መንገድ ጎተተችው።